ባዕድ ማሽን ያካፈለው ዲስክ

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥፋቶች ትልቁን የሠራሁት ሻሂ እየጠጣሁ ነው። ቢራ ቢሆን ኖሮ ሰበብ አይጠፋም ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በአከራዬ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ስኳር የበዛበት ሻሂ በትንሽ ብርጭቆ ፉት እያልኩ አፌን ከፈትኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ተረት ማወቅ ለምንም እንደማይጠቅም የተረዳሁት ግን ያን ዕለት ነው።

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። አስመራ ነጻ ከወጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። እኔ ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው አሮጌ ቪላ ውስጥ፣ የጦር ቁስለኞችን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ትንሽ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። የእኔ ዘመን ልጆች እዚሁ አስመራ ተቀምጠን የተማርነው በአማርኛ ነው። ነጻነት ሲመጣ ያ ሁሉ አማርኛ ሥራ ፈታ፤ እኔም ተከትዬው ሥራ ልፈታ ስል አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ወር የተማርኩት ኮምፒዩተር አዳነኝ። ሦስት ወር ስላችሁ አትሳቁ። በቢሮው ውስጥ ማሽኑን አብርቶ መልሶ ማጥፋት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊቅ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት እኔም አመንኩበት።

አለቃዬ ለምለም ትባላለች። የቀድሞ ታጋይ ናት፤ ሺዳ የሚሏትን የላስቲክ ጫማ ቢሮ ውስጥም አታወልቅም። "አንቱ" ሲሏት ትቆጣለች፤ ታጋዮች እንዲህ ናቸው፣ ስለዚህ እኔም አንቺ ነው የምላት። አንድ ቀን ጠዋት በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና "ይህን አንብበው" አለችኝ።

ፎጣውን ስፈታው የጫማ ሳጥን የሚያህል ግራጫ ብረት ነው። ጦርነቱ እያለ ሱዳን ውስጥ ቁስለኞቻችንን ያክሙ የነበሩ ጀርመኖች ክሊኒክ ነበራቸው። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ወረቀቱን ጎርፍ በላው፤ የታካሚዎቹ መዝገብ የቀረው በዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ተነቅሎ የመጣው ዲስኩ ብቻ ነበር።

"ይቻላል?" አለችኝ ለምለም።

"ምን ችግር አለው" አልኳት። ይህን መልስ የሰጠሁት ዲስኩን ገልብጬ እንኳ ሳላይ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሄድኩ። ቤት ስላችሁ የአከራዬ የአደይ ለተብርሃን ግቢ ነው፣ አደይ እናቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸው ከውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ርእሶም የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ታጋይ ሊሆን ወደ ሜዳ ወጣ። ነጻነት ሲመጣ የአንዳንዱ ልጅ በመኪና ተጭኖ በእልልታ ገባ። የአንዳንዱ ደግሞ መርዶው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ሐዘን ተቀመጡ፣ ተነሡ። ለአደይ ለተብርሃን ሁለቱም አልመጣም። "ቆስሎ ድንበር ሲሻገር አይቼዋለሁ" ያለ አንድ ሰው ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እሳቸው ሠርግ ቤት ሄደው እልል ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት ሄደው ያለቅሳሉ፤ የራሳቸውን ጉዳይ ግን በየትኛው እንደሚቀበሉት አያውቁም ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሴት ሻሂ እየቀዱልኝ "ዛሬስ ምን ሠራህ፣ ወደይ?" አሉኝ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

"ዛሬማ ትልቅ ነገር መጣልኝ" አልኩ። "ሱዳን የታከሙ ቁስለኞች ስማቸው ሁሉ ያለበት ሳጥን። ከሰዓት እከፍተዋለሁ።"

በራዱን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ሱዳን የታከሙት?"

"እወ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም" አልኩ፤ ያልኩትን ነገር ጆሮዬ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አደይ ለተብርሃን ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን ለብሰዋል። "ተነሥ፣ እንሂድ" አሉኝ። ምሳዬን ገና አልበላሁም፤ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ቢሮው እስኪከፈት አንድ ሰዓት ከግማሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

የዲስኩ መሰኪያ ከቢሯችን ስካነር ገመድ ጋር ልክ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማግኘቴ ራሱ ልቤን አሳበጠው። ስካነሩን ነቀልኩ፣ ዲስኩን ሰካሁ፣ ማሽኑን አበራሁ። ማሽኑ አጓራ፣ አሰበ፣ ዲስክ እንዳለ አወቀ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጻፈ። በዚህ ዲስክ ላይ ምንም የለም፤ እንደ አዲስ ላዘጋጀው? ነገር ካለበት ይጠፋል። እሺ ወይስ አይሆንም?

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ያደግኩት በዚህች ከተማ ነው። ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንት ሄደ፤ ሁሉም ቢሮው አስጠርቶ ይጠይቅሃል፣ አንተም እሺ ትላለህ። ምን እንደተጠየቅክ የምታጣራው ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው። ጣቴ ራሷ "እሺ" ወደሚለው ቁልፍ ሄደች። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቃላችሁ።

"ምን ይላል?" አሉ አደይ ለተብርሃን ከኋላዬ።

"ምንም የለም፣ ሁሉን ጠርጌ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ይላል።"

"ያለውን ጠርጎ?"

"እወ።"

"ኣይፋልን በሎ" አሉ። አይሆንም በለው ማለታቸው ነው። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ ጣቴ ግን እሳት እንደነካት ተመለሰች። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ያልተማሩ ሴት በዚያች ሰከንድ ባይኖሩ ኖሮ ሊቁ የስንቱን እናት ልጅ ስም አጥቦ ይደፋው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሞኝነቴ ሳምንት ነው። ገመዱን ነቅዬ አዙሬ ሰካሁት። ዲስኩን ፀሐይ አሞቅኩት። በአፌ እፍ አልኩበት። ማሽኑን አጥፍቼ፣ አዘናግቼ፣ ድንገት አበራሁት። ማሽኑ በቃሉ ጸና፣ ምንም የለም አለ። አደይ ለተብርሃን በየቀኑ ይመጣሉ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አይጠይቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡና ሳጥኑን ልርጨው አሉ። ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም ብዬ አስረዳሁ። ተከራከርን፤ ለምለም ገባችና ዳኘችን። በመጨረሻ የተረጨሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ካሰባችሁት ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ከሁለታችን የተበላሸው እኔ ነበርኩ።

ለምለም ትዕግሥቷ ሲያልቅ ኢንጂነር ዮናስን አመጣችው። ዮናስ ጀርመን አገር ተምሮ፣ እዚያው ሲሠራ ቆይቶ፣ አገር ልሥራ ብሎ የተመለሰ ቀጭን ሰው ነው። ከአፉ ክፉ ቃል አይወጣም፤ እንደኔ ላለ ሰው ይህ ከስድብ ይብሳል። ዲስኩን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

"ይህ ባዶ አይደለም" አለ። "ያንተ ማሽን አላወቀውም እንጂ።"

"ባዶ ነው እያለ?"

"ዓዲ ጓዕዳድን ታውቃለህ? የአባቴ አገር ነው። መሬቱን ሽማግሌዎች ናቸው የሚያካፍሉት፤ ከዚህ ድንጋይ እስከዚህ ድንጋይ የእገሌ፣ ከዚያ ወዲያ የእገሌ ብለው። ከአስመራ የሄደ እንግዳ ድንጋዩን አይቶ ምን ይላል? ሜዳ ነው ይላል። ይህን ዲስክ ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ነው ያካፈለው። ድንበሩን በራሱ ቦታ፣ በራሱ ምልክት አስቀምጧል። ያንተ ማሽን የራሱን ምልክት ፈልጎ ሲያጣ ባዶ ነው አለ።"

"አላውቅም አይልም እንዴ?"

ዮናስ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ስትጠየቅ አላውቅም ብለሃል?" አለኝ፤ ያለ ክፋት ነው የጠየቀኝ። አደይ ለተብርሃን ከወንበራቸው ሆነው ሳቁ። በዚያ ሰሞን ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከዮናስ ቦርሳ ወጣ፤ በላስቲክ የታሰሩ፣ ፍሎፒ የሚባሉ ስስ ዲስኮች ነበሩ። በያሉበት አገር ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ጽፈው ለሁሉ በነጻ ያካፈሉት ሌላ ሥርዓት ነው አለኝ። የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ያነባል። ከቢሮው ጥግ አንድ ሥራ የፈታ ማሽን አነሣንና ፍሎፒዎቹን አንድ በአንድ ማጉረስ ጀመርን። አንዷ አልዋጥ ብላ እንደገና ከሌላ ሰው ዘንድ እስክትገለበጥ አንድ ቀን አለፈ። ተጭኖ ሲያበቃ ዲስኩን ሰካን። እንደገና ምንም የለም አለ። እኔ በልቤ የእኛ ማሽን ሐሜት ደርሶታል ማለት ነው አልኩ።

ዮናስ ግን አልደነገጠም። "ያነባል፣ ግን አንብብ ሳትለው አያነብም" አለ። ከዚያ ማሽኑን ሥርዓትህን ከሥሩ እንደገና ሥራ ብሎ አዘዘው፤ ከመሥራቱ በፊት እያንዳንዱን ነገር ይጠይቃል። ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ይህን ትፈልጋለህ ወይ? ያንንስ? ዮናስ እየመለሰ ሄደ። ከመሐል አንዷን አሳየኝ። ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያካፈሉትን ዲስክ ላንብብ ወይ ትላለች፤ ዝርዝሩን ስትከፍቱት ደግሞ ካላወቅህ አይሆንም በል የሚል ምክር ተጽፎበታል። እኔን አይቶ የጻፈው መሰለኝ። ዮናስ እሺ አለ። በዕድሜዬ ካየኋቸው እሺዎች ታስቦበት የተባለው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ማሽኑ ራሱን ይሠራ ጀመር። ጠዋት ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ፣ ከሥር ጀመረ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ዲስኩን ሰካን፤ በማያ ገጹ ላይ አንድ መስመር ወጣ። አራት ክፍል አለው ይላል።

ጮህኩ። አላፍርበትም፣ እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ ዮናስን አቀፍኩት፣ ለምለም ከቢሮዋ ወጥታ ምን ሆናችሁ አለች። የመጀመሪያው ክፍል ለእኛ የማይረባ የማሽኑ ዕቃ ነው። ሁለተኛው የጀርመንኛ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው የመድኃኒት ዝርዝር። አራተኛው መዝገቡ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አገር፣ ቁስል፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን። የጻፈው ሰው አንዱንም አላጎደለም።

"ርእሶምን እንየው" አልኩና ስሙን ጻፍኩ። ዮናስ "ቆይ" አለኝ። ለምን ቆይ እንዳለኝ ሳይገባኝ ቁልፉን ተጫንኩት።

ርእሶም ወጣ። የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ አገሩ፣ ሁሉም ልክ። ጭኑ ላይና ሆዱ ላይ ቆስሎ ገብቷል። የወጣበት ቀን በሚለው ቦታ አንድ ቀን ተጽፎ ከአጠገቡ ትንሽ መስቀል አለች። እኔ ለክርስቲያንነቱ መስሎኝ ነበር። ዮናስ "ጀርመኖች ለሞተ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፉት" አለኝ ቀስ ብሎ። ከገባ በዘጠነኛው ቀን ነው። እዚያው ሱዳን፣ ከሰላ ከምትባል ከተማ አጠገብ ተቀብሯል ይላል።

ቆሜ ቀረሁ። ከአንድ ደቂቃ በፊት በደስታ የዘለልኩት እዚያው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው በሩ የተከፈተው፤ አደይ ለተብርሃን ምሳ ዕቃ ይዘው ገቡ። ጩኸቴን ከመንገድ ሰምተውታል። ዮናስ ማያ ገጹን አጠፋው።

"ተከፈተ?" አሉ።

"ተከፈተ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ምሳ ዕቃውን አስቀምጠው ግንባሬን ሳሙኝ። "የቐንየለይ" አሉ ለዮናስ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ልጄስ?" አሉኝ።

"ስሙ ብዙ ነው፣ አደይ" አልኩ። "በፊደል ተራ ነው የምናየው። ከሀ ጀምረን። በቀን አንድ ፊደል።"

መዝገቡ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ሀ ለ የሚባል ተራ የለውም፤ ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። ለምለም ከበሩ ላይ ሆና ፊቴን አይታ ገባት። "የቁስለኞች ምስጢር ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ሰው እንዲገባ አልፈቅድም" አለች። ሜዳ ላይ ስንት ያየች ሴት ናት፣ ግን እሷም ያን ስትናገር መሬት መሬት ታይ ነበር።

ከቢሮ በቀጥታ የሄድኩት ኣቦይ ወልዱ ዘንድ ነው። ኣቦይ ወልዱ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈሩ ውስጥ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ለአደይ ለተብርሃን ልነግራቸው እየሄድኩ ነው፣ እንዴት ልበላቸው ብዬ ስጠይቃቸው በከዘራቸው መሬቱን መቱት።

"አንተ ማን ነህ የምትነግራት?" አሉ። "እህቷ ከከረን ሳትመጣ? ወንድሟ ሳይመጣ? ብትወድቅ ማን ይይዛታል፣ ያ ሳጥንህ ይይዛታል? መርዶ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ቅዳሜ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ ዝም ትላለህ። ቅዳሜም ከክፍልህ እንዳትወጣ። አንተን ካየች እኛ ሳንቀመጥ ታውቀዋለች።"

ዝም ማለት ቀላል ነገር ይመስላል። መርዶውን ከምታውቁበት ሰው ጋር በአንድ ግቢ እየኖራችሁ ሞክሩት። ረቡዕ ማታ ገና በሩን ሳልዘጋ "የት ደረሳችሁ?" አሉኝ። "ሀን ጨረስን" አልኩ። ሳህን ሙሉ ሽሮ አቀረቡልኝ፣ የጾም ቀን ስለሆነ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ዓይኔ እንዳይደክም ካሮት አበዛሁበት አሉኝ። በላሁ። ሲያጎርሱኝም ጎረስኩ።

ሐሙስ "ለን ጨረስን" አልኩ። ሐሙስ ዶሮ ሠሩልኝ። ጭንቅላቱን ለሚያሠራ ሰው ሥጋ ያስፈልጋል አሉ። ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስበላ ያያሉ፤ ርእሶም እግሩን ነበር የሚመርጠው ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለውን ስሰማ ኖሬ ነበር፤ ይኸው ቀርቦልኝ በላሁት። ምን ምን እንደሚል እንኳ አላወቅኩም፤ አኝኬ ዋጥኩ፣ እንደገና አኝኬ ዋጥኩ። አልጠገብክም ሲሉኝ ጨመርኩ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ፤ ራሴን ጠላሁት።

ዓርብ ሲመጣ አደይ ለተብርሃን ሒሳቡን ሠርተው ጠበቁኝ። ጣታቸውን እያጠፉ "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ። ዛሬ ሐ ናችሁ። ነገ መ። እሑድ አትሠሩም። ሰኞ ሠ። ማክሰኞ ረ።" አሉ። የፊደል ተራ እንዲህ ጨካኝ መሆኑን አላውቅም ነበር። "ማክሰኞ አለቃህ ብትቆጣም እመጣለሁ" አሉና ነጭ ነጠላቸውን አጥበው ገመድ ላይ አሰጡት። ያን ማታ ከከረን እህታቸው መጥታ ኣቦይ ወልዱ ቤት እንዳረፈች አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዳቦ ቤቱ ያውቃል። ያላወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አልወጣም ብዬ ምያለሁ። የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ የብዙ ሰው እግር ገባ፤ የሚናገር የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ሰፈሩን ያላየው ወንድማቸው ከፊት ነበር። ግቢውን አያውቀውም፤ በጨለማው ውስጥ ያገኘውን የመጀመሪያ በር አንኳኳ። የእኔን በር ነው ያንኳኳው።

ምን ላድርግ? ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። ኣቦይ ወልዱ ከኋላ ሆነው በከዘራቸው ተመለስ ይሉኛል፤ ወንድምየው እጄን ይዞ ይስመኛል፤ እኔ ሽማግሌዎቹ መሐል ቆሜያለሁ። ማዶ ያለው በር ተከፈተ፤ አደይ ለተብርሃን ኩራዝ ይዘው ወጡ። ወንድማቸውን አዩ። እህታቸውን አዩ። ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አዩ። ሁሉንም ተሻግረው ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

"ወደይ" አሉኝ፣ "ማታ ገና ሐ ላይ አልነበርክም?"

ወደ ኣቦይ ወልዱ ዞርኩ።

"ረ ደርሰሃል" አሉ። ኩራዙን ቀስ ብለው ደረጃው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ እዚያው ተንበረከኩ። ኣቦይ ወልዱ ሦስት ቀን ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ውስጥ ቀረ። እህታቸው ሮጣ ያዘቻቸው፤ ሴቶቹ ደረሱ፤ ዋይታው ሰፈሩን አነቃው። እኔ ማዶ ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ከዚያ እኔም አለቀስኩ፤ ያልደበቅኩት ለቅሶ እሱ ነው።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን አስጠሩኝ። መሬት በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተዘግቷል።

"ከመቼ ጀምረህ ነው ያወቅኸው?"

"ከማክሰኞ፣ አደይ።"

"ዶሮውን ስትበላ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው "ጨው ረስቼበት ነበር" አሉ። "አንተ ከሄድክ በኋላ ቀምሼ ነው ያወቅኩት። ዝም ብለህ መብላትህ ገርሞኝ ነበር።" ከዚያ ሰው ገባ፤ ቦታዬን ለቅቄ ወጣሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ሳጥኑ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ የሚያነበው ማሽን አለ። ወሬው ከተማውን አዳርሷል። ጠዋት ስደርስ ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ጭኗ ላይ ምሳ ዕቃ የያዘች። "የሱዳኖቹን ስም የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ" አለች። "ወንድሜን ፈልጌ ነው።"

አሁን የተማርኩ ሰው ነኝ። ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ማድረግ የሚገባኝን አውቃለሁ፤ ኣቦይ ወልዱ በከዘራ አስተምረውኛል። አስቀመጥኳት፣ ወረቀት አወጣሁ፣ እስክሪብቶ አነሣሁ፣ ድምፄን አለዘብኩ።

"እህቴ" አልኳት፣ "ዘመዶችሽ የት ነው ያሉት? የሰፈራችሁ ሽማግሌስ ማን ይባላሉ?"

ሴትየዋ አየችኝ። ምሳ ዕቃው ከጭኗ ተንሸራተተ።

"ወንድሜ" አለችኝ፣ "ስሙን እኮ ገና አልነገርኩህም።"